ቀላሉ ነው ከባዱ?

ጤና ሚኒስቴርና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ኤምፖክስ፣ በተለምዶ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚባለው፣ ሞያሌ ላይ ተገኘ ብለው ያሳወቁት ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እሑድ ነበር። የተያዘው የ21 ቀን ጨቅላ ነው ተባለ። ሰኞ ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አሁን ደግሞ የዝንጀሮ መጣላችሁ!» ይላል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ የኮቪድን ጊዜ አንስቶ ያማርራል። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። እኔ መስኮቱ ጥግ ነኝ። አጠገቤ ልጅ የታቀፈች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ልጁ በነጠላ ተጠቅልሏል፤ የሚታየው አፍንጫውና አንድ ጡጫው ብቻ ነው።

ከባልደረባዬ ጋር በስልክ ስለዚሁ ነገር ሳወራ ሰምታኝ ኖሮ፣ ስልኩን እንደዘጋሁ ዞር አለች።

«ሐኪም ነህ ወንድሜ?»

«አይ፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው።»

«ሁለት ዓይነት ነው ሲሉ ሰማሁ። የኛው ቀላሉ ነው ከባዱ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የማውቀውን ለማሳየት ምክንያት ስላገኘሁ ነው ደስ ያለኝ። «በኮንጎ በኩል የመጣው ከሆነ ከባዱ ነው» አልኳት። «ከ10 ሰው አንዱን ይገድላል።»

ምንም አልመለሰችልኝም። ነጠላውን ሳብ አድርጋ የልጁን አፍንጫ ሸፈነችው። መካኒሳ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች። የከፈለችው ግን እስከ ጀሞ ነበር። ረዳቱ መልስ ሲቆጥርላት አይቻለሁ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ቁጥሩን ከኪሴ አላወጣሁትም፣ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ተማሪ ሆኜ ሸምድጄው ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ያላልኳት ነገር ቁጥሩ የማን እንደሆነ ነው። ያኔ እኔም አስቤበት አላውቅም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ መፈለግ ጀመርኩ፣ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ከስሙ ልጀምር። ቫይረሱ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ኮፐንሃገን ውስጥ፣ ለምርምር በመጡ እንስሳት ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው።) እንስሳቱ ዝንጀሮ እንኳ አልነበሩም፣ የእስያ ጦጣዎች ናቸው። «የጦጣ ፈንጣጣ» ብንለው ይቀርብ ነበር። ጦጣዎቹም ቢሆኑ እንደኛው ታመው ነው እንጂ፣ ቫይረሱ ጫካ ውስጥ የሚከርመው አይጥና ሽኮኮ መሰል እንስሳት ላይ እንደሆነ ነው የሚታመነው። ሰው ላይ የተገኘው በ1970 ነው። ኮንጎ፣ ባሳንኩሱ በሚባል ቦታ፣ የ9 ወር ወንድ ልጅ። ልብ ብላችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ታማሚም ሕፃን ነው፣ የኛም የመጀመሪያው ሕፃን ነው።

ያ 10 በመቶ የመጣው ከ1981 እስከ 1986 ከተደረገ ክትትል ነው። አገሩ ያኔ ዛየር ይባል ነበር። ባለሙያዎች በየጫካው መንደር እየዞሩ 338 ታማሚዎችን መዘገቡ። 33ቱ ሞቱ። አካፍሉት፣ ወደ 10 በመቶ ይመጣል። የሞቱት እነማን ናቸው ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁሉም የፈንጣጣ ክትባት ያላገኙ ልጆች ናቸው። ትንሹ የ3 ወር፣ ትልቁ የ8 ዓመት። አንድም አዋቂ የለበትም። እኔ «ከ10 ሰው አንዱን» ስል የተናገርኩት ስለነዚያ ልጆች ነበር። ሰው ሁሉ ላይ ለጥፌው ቁጭ አልኩ።

«ቀላሉ» የሚባለውስ? ይሄኛው በምዕራብ አፍሪካ በኩል ያለው ነው። በ2003 ከጋና ወደ አሜሪካ ለማዳ እንስሳ ተብለው የተላኩ ትልልቅ አይጦችና መሰሎቻቸው ቫይረሱን ይዘው ገቡ። ፕሬሪ ዶግ ለሚባሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለሚኖሩ የአሜሪካ እንስሳት አስተላለፉ። ከነሱ ደግሞ የገዟቸው ሰዎች ያዛቸው። ዊስኮንሲን፣ ኢሊኖይ፣ ኢንዲያናና ሌሎችም ግዛቶች፣ በድምሩ 47 ሰው። አንድም ሰው አልሞተም። እንግዲህ በአንድ ወገን ከሐኪም ቤት ርቆ የሚኖር የዛየር መንደር ልጅ፣ በሌላ ወገን አምቡላንስ ደጁ የሚቆምለት አሜሪካዊ። ልዩነቱን ሁሉ ለቫይረሱ ብቻ ማሸከም ይከብዳል።

ልዩነቱ የለም እያልኩ አይደለም። ሁለቱ በቤተ ሙከራ በእኩል መጠን ለእንስሳት ተሰጥተው ታይተዋል፣ የኮንጎው ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ስማቸውን ከአገር ስም አላቅቆ የኮንጎውን ክሌድ 1፣ የምዕራብ አፍሪካውን ክሌድ 2 አላቸው። ክሌድ የግሪክ ቃል ነው፣ ቅርንጫፍ ማለት ነው። እያንዳንዱም ኤ እና ቢ የሚባል ንዑስ ቅርንጫፍ አለው።

ቅርንጫፎቹን የሚለየው ዘረመላቸው ነው። የኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ ከነርባታው 231 ነው። የቫይረሱ ፊደል 4 ብቻ ነው። በ4 ፊደል ግን 197 ሺህ ያህል ሆሄ የሚረዝም ጽሑፍ ይዞ ይዞራል። ለቫይረስ ይሄ ትልቅ ጽሑፍ ነው። መሐሉ ላይ የተጻፈው ለመባዛት የሚያስፈልገው የዘወትር ሥራ ነው፣ በሁሉም ዝርያ ይመሳሰላል። ሁለቱ ጫፎች ላይ ያለው ግን ከሰውነታችን ጋር የሚታገልበት መሣሪያ ነው። ልዩነቱ የሚበዛው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። የቀረውን ፊደል በፊደል ካስተያየን ክሌድ 1ና ክሌድ 2 የሚለያዩት ከ100 አንድ በማይሞላ ነው።

ከነዚያ የጫፍ መሣሪያዎች አንዱ ዲ14ኤል ይባላል። ተማሪ ሳለሁ የምወደው ጂን ነበር። (ሰው የሚወደው ተጫዋች አለው፣ ላብራቶሪ የሚሠራ የሚወደው ጂን አለው።) ደማችን ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባሉ፣ እንደ ሰፈር ጥበቃ የሚዞሩ ፕሮቲኖች አሉ። ባዕድ ነገር ሲያገኙ ይለጠፉበታል፣ ሌላውን ዘብ ይጠራሉ። ዲ14ኤል የሚሠራው ፕሮቲን እነሱን ያፍናል። ይህ ጂን የኮንጎው ላይ አለ፣ የምዕራብ አፍሪካው ላይ የለም። በቃ፣ እንቆቅልሹ ተፈታ፤ ከባዱን ከባድ ያደረገው ይሄ ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነበር፣ ለፈተናም ይመቻል።

ተመራማሪዎች ግን በወሬ አላለፉትም። ጂኑን ከኮንጎው ቫይረስ ቆርጠው አውጥተው ፕሬሪ ዶጎች ላይ ሞከሩት። በሽታው ለዘብ አለ። እሰይ! ያንኑ ጂን ለምዕራብ አፍሪካው ሰጥተው ሲያዩ ግን ገዳይ አላደረገውም። ጦጣዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ ጂኑ የተቆረጠበት ቫይረስ ጭራሽ ይበልጥ ተባዛ። አንድ ጂን ለአንዱ እንስሳ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ሆኖ አረፈው።

ከዚያ ካሚቱጋ መጣ።

ካሚቱጋ በምሥራቅ ኮንጎ፣ ደቡብ ኪቩ ውስጥ ያለች የወርቅ ከተማ ናት። ቆፋሪው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ሁሉም ወርቁን ተከትሎ የመጣ ነው። በመስከረም 2023 መገባደጃ ላይ ለየት ያለ ኤምፖክስ መታየት ጀመረ። ታማሚው እንደ ድሮው የመንደር ልጅ አይደለም። ከተረጋገጡት የመጀመሪያዎቹ 108 ሰዎች መካከለኛ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። ከሦስት አንድ የሚጠጉት በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። የቫይረሱ ዘረመል ሲነበብ የክሌድ 1 አዲስ ንዑስ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ክሌድ 1ቢ የምንለው ነው። ከጫፉ ላይ 1,100 ያህል ሆሄ ተቆርጦ ጠፍቷል። የጠፋው ምን መሰላችሁ? ያ የምወደው ዲ14ኤል ነው።

ይሄን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት። ምክንያቱም ነገሩ የኔን ሥራ ይነካል።

ፒሲአር (የቫይረስን ዘረመል ዙር በዙር እያባዛ የሚፈልግ) ማሽን አጠገብ ቆማችሁ ታውቁ እንደሆን አላውቅም። ናሙናውን ሳህኑ ላይ አድርገን እንዘጋና 40 ያህል ዙር እንጠብቃለን። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር መጀመሪያ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ቫይረሱ ካለ ዙር 20 ወይም 25 ላይ ቀና ብሎ እንደ ዳገት ይወጣል። ከሌለ እንደተኛ ይቀራል። ዳገቱን ስታዩ ሆዳችሁ ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ስንት ዓመት ሠርቼም አልለቀቀኝም። ማሽኑ ግን የሚያገኘው ፈልግ የተባለውን ፊደል ብቻ ነው። ያንን ካላገኘ ዝም ይላል።

ዝርያ ለመለየት ብዙ ቦታ የሚሠራበት፣ ከአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) የመጣ አንድ አሠራር ነበር። ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ኤምፖክስ ነው ወይ? የምዕራብ አፍሪካው ነው ወይ? የኮንጎው ነው ወይ? ለሦስተኛው ጥያቄ ምልክት ተደርጎ የተመረጠው፣ የኮንጎው ላይ ብቻ አለ የተባለው ያ ጂን ነው። የካሚቱጋውን ናሙና ስታስገቡ አንደኛው መስመር ዳገት ይወጣል። ሁለተኛው ይተኛል። ሦስተኛውም ይተኛል። ኤምፖክስ ነው፣ ግን የማንም አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። በዘረመል ንባብ የተደገፈ ማስጠንቀቂያ ባይወጣ ኖሮ፣ ስንቱ ላብራቶሪ ውስጥ ስንቱ ባለሙያ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ይቀይር እንደነበር ይታየኛል። እኔ በእርግጠኝነት እቀይር ነበር።

ወደ ሴትዮዋ ጥያቄ ልመለስ። «ከባድ የሚያደርገው» የተባለው ጂን ጠፋ፤ እንግዲያስ ክሌድ 1ቢ ቀለለ? የሞቱን ቁጥር ብቻ ካያችሁ አዎ ያስብላል። ከተያዙት የሚሞተው ከ100 አንድ አይሞላም። ግን እዚህም ያው ጥያቄ አለ፣ የተያዘው ማነው? አብዛኛው ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው። ከካሚቱጋ የወጡት ዘገባዎች ላይ ደግሞ ጽንስ የወረደባቸው እናቶች አሉ። ቀላል ነው የምትሉት ለማን ነው?

ለክሌድ 2ም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ2022 ከመቶ በላይ አገር የዞረው የሱ ንዑስ ቅርንጫፍ 2ቢ ነው። በጥቅሉ ሲታይ የገደለው ከ1,000 ሁለት ያህል ሰው ነው። በጣም ቀላሉ እሱ ነው ትላላችሁ። ግን ኤችአይቪ በደማቸው ያለና ሲዲፎራቸው (የመከላከያ ሕዋሳቸው ቁጥር) የወረደ 382 የኤምፖክስ ታማሚዎች በአንድ ጥናት ተሰብስበው ታይተው ነበር። 27ቱ ሞቱ። የሁሉም ሲዲፎር ከ200 በታች ነበር። ከ200 በላይ ከነበሩት አንድም አልሞተም። ቫይረሱ ያው ቀላሉ ነው።

ይሄ 2ቢ ከየት መጣ ለሚለው አንድ ነገር ልንገራችሁና ልለፍ፤ በጣም ስለምወደው ነው። ሰውነታችን አፖቤክ3 የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉት። የገባውን ቫይረስ ጽሑፍ ያበላሹልናል፣ ግን በልማድ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ነው የሚቀይሩት። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ባለፈ ቁጥር ይሄ የጣት አሻራ ይጠራቀምበታል። ዲሚዬ ኦጎይና የተባሉ ናይጄሪያዊ ሐኪም በ2017 በሽተኞቻቸውን እያዩ፣ ቁስሉ ያለበትን ቦታ አስተውለው፣ ይሄ ነገር በወሲብ ግንኙነት እየተላለፈ ይሆናል ብለው ነበር። ብዙም ሰሚ አላገኙም። በኋላ አሻራው ሲቆጠር ቫይረሱ ከ2016 ገደማ ጀምሮ ሰው ከሰው እየተቀባበለው እንደነበር ታየ። የካሚቱጋውም ላይ ያው አሻራ ተገኝቷል። ከዚህ የገባኝ፣ አብዛኛው የፊደል ለውጥ ስለ በሽታው ክብደት ምንም አይናገርም። ፓስፖርት ላይ እንደሚመታ ማህተም ነው፣ በየት እንዳለፈ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ከሁሉም በላይ ያ 10 በመቶ ውሸት እንደሆነብኝ የተሰማኝ ግን ስለ ጂን ምንም የማያወራ ጥናት ሳነብ ነው። ኮንጎ ውስጥ ቱንዳና ኮሌ በሚባሉ ሁለት ሆስፒታሎች ቴኮቪሪማት የሚባል መድኃኒት በ597 ታማሚዎች ላይ ተሞከረ። ቫይረሱ ክሌድ 1፣ ያውም አሮጌው። በነሐሴ 2024 ውጤቱ ወጣ። መድኃኒቱ ቁስሉን ቶሎ አላደረቀም። ከሽፏል። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰዱትም የማስመሰያውን ክኒን የወሰዱትም አንድ ላይ ሲቆጠሩ የሞቱት 1.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው አገር በጥቅሉ ያኔ የሚነገረው 3.6 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር። ምን አገኙ? አልጋ፣ ምግብ፣ የቁስል እጥበት፣ ተጓዳኝ ኢንፌክሽን ሲመጣ ሕክምና፣ የሚከታተል ነርስ። አንድም ሆሄ ሳይቀየር ሞቱ በግማሽ ወረደ።

ቀላልና ከባድ የሚለው ነገር ለኛ አዲስ እንዳልሆነ የነገረችኝ አክስቴ ናት። በኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ጎጃም ውስጥ፣ በልጅነቷ ፈንጣጣ ይዟታል። ጉንጮቿ ላይ ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች አሏት፣ ፎቶ ስትነሳ ሁልጊዜ ትንሽ ታዘነብላለች። የሞያሌውን ወሬ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር። መቁላቱን አላቆመችም።

«እኛ ቤቱ ሙሉ ነው የተኛነው» አለች። «አጥሚት ስታጠጣን የነበረችው ጎረቤታችን ናት። ሁላችንም ተነሳን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ከሰባታችን አንድ አልጎደለም። ከዚያማ ገበያ ወጥተን የለም እንዴ፣ ቅርፊቱ ገና ሳይረግፍ!»

ልጅ ሳለሁ ይሄን ታሪክ የምሰማው እንደ ተአምር ነበር። ፈንጣጣ እኮ ከሦስት አንዱን ይገድላል ይባላል። ያ ግን ትልቁ ፈንጣጣ፣ ቫሪዮላ ሜጀር የሚባለው ነው፤ ሕንድንና ባንግላዴሽን ያስለቀሰው። ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ዘመን በብዛት የነበረው ቫሪዮላ ማይነር፣ ትንሹ ነው። እሱ የሚገድለው ከ100 አንድ ሁለት ያህል ነው። የአክስቴ ቤት የዳነው በዝርያው ነው ማለት ይቻላል። (አጥሚቱም ድርሻ አለው፤ አክስቴ ፊት ይሄን ብክድ ቡና አላገኝም።)

ታዲያ ትንሹ በመሆኑ ቀለለን? የማጥፋት ዘመቻው እዚህ ሲጀመር በ1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ተመዘገበ። ዘማቾቹን ያስቸገራቸው አገሩ ተራራማ መሆኑ ብቻ አልነበረም። ታማሚው አልጋ አይዝም። እንደ አክስቴ ገበያ ይወጣል፣ ይዘምታል፣ ሰርግ ይሄዳል። የሚያስፈራ ስላልሆነ ብዙው ሰው ክትባቱን አይፈልገውም። ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ክንድ ላይ የማስከተቡ የድሮ ልማድም ነበር፣ እሱ ራሱ በሽታውን ያዛምተዋል። ከባዱ ፈንጣጣ ባንግላዴሽን ውስጥ በ1975 አበቃ። ቀላሉ ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ ነሐሴ 1976 ኦጋዴን ላይ ቆየ። ከዚያ ሶማሊያ ገብቶ በጥቅምት 1977 መርካ ከተማ ላይ ነው ያከተመው። ዓለም መጨረሻ ላይ ሲያባርረው የነበረው ቀላሉን ነው።

ክሌድ 1ቢም ሲጓዝ ሳየው ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ። ካሚቱጋ ከታየበት ዓመት ሳይሞላው፣ በሐምሌ 2024 ቡሩንዲ፣ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ኬንያ ደረሰ። በነሐሴ አጋማሽ የአፍሪካ ሲዲሲ እዚሁ አዲስ አበባ ከሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ አህጉራዊ የጤና አደጋ ብሎ አወጀ፣ በማግስቱ የዓለም ጤና ድርጅት ተከተለ። ከኬንያ ሞያሌ አንድ አስፋልት መሻገር ነው። የተሻገረው በእግሩ በሚሄድ፣ ሥራውን በማያቋርጥ፣ ቁስሉን ልብሱ በሚሸፍንለት ሰው ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ ያረፈው ገና ወር ያልሞላው ልጅ ላይ ነው።

ያቺን ሴት ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ያንን መስመር ግን በየቀኑ እሄድበታለሁ፣ መካኒሳ ላይ «ወራጅ» በተባለ ቁጥር ቀና እላለሁ። ብዙ ጊዜ በሐሳቤ መልሼላታለሁ። የሞያሌው 1ቢ ነው። እንዳንቺ ያለ አዋቂን ቢይዝ፣ ቢያምም ብዙው ሰው ይነሳል። ለልጅሽ ግን ጠንቀቅ በይ፤ ሽፍታ ያለበት ሰው አይቀፈው፣ አይሳመው። ሽፍታ ካየሽበት ጉድፍ ነው ብለሽ ቤት አትቆዪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ ቶሎ የታከመና ያልታከመ አንድ አይደለም። ይሄን ሁሉ ለማለት ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ያለው መንገድ ይበቃኝ ነበር፣ ያውም በዚያ መጨናነቅ።

ሁሉም መልሴ ግን አንድ ጥያቄ ይቀድመው ነበር። ልጁ ስንት ወሩ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።